ከድሬ ወደ ታጁራ ስትሄዱ ስለ ቢጫ ካርዱ አንድ ነገር

ድሬዳዋ ላይ ጅቡቲ ዘመድ የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ግን የሚሄደው ለንግድ ነው፣ ወይ ለለቅሶ። ለሽርሽር የሚሄድ ብዙ አላውቅም። እኔና አክስቴ ግን ለሽርሽር ብቻ ሄድን። የጉቤትን ገደል፣ ታጁራን፣ ነጩን አሸዋ ለማየት።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። ቪዛውን በኢንተርኔት ጨረስን። ዶላር ያዝን። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ስለሆነ (1 ዶላር ወደ 178 ፍራንክ ነው) ምንዛሪ ላይ የሚሸውዳችሁ የለም። ድንበሩ ላይ እስካለችው ደወሌ መንገዱ አስፋልት ነው። ሌሊት ከተነሳችሁ ሙቀቱ ሳይጀምር ትደርሳላችሁ።

አሁን ወደ መስኮቱ።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የሚታይበት መስኮት ነው። ከድንበሩ ወዲህ ይሁን ወዲያ ልተወው። የእኔ ካርድ የድሮ ነው። «እስከ» በሚለው ቦታ ላይ ነርሷ በእጇ የጻፈችው ቀን አልፏል፤ ቀለሙም ደብዝዟል። ሰውዬው ካርዱን ወደ ብርሃን አዘንብሎ አየው፣ በእስክርቢቶው ቀኑን ከበበበት፣ መለሰልኝ።

«ጊዜው አልፏል።»

ሕጉን አውቀዋለሁ። በዓለም ጤና ድርጅት ደንብ መሠረት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 11 ቀን 2016 ጀምሮ አንድ ጊዜ የተወሰደ የቢጫ ወባ ክትባት ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከዚያ በፊት የተሰጡ ካርዶችንም ይጨምራል። የተጻፈውን ቀን ማረም እንኳ አያስፈልግም።

«ወንድሜ፣ ይሄ ነገር እኮ ተቀይሯል» አልኩት።

«እኔ የማነበው የተጻፈውን ነው።»

ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርክ የለም። በስንት መከራ ሲመጣ ገጹን አሳየሁት። «ስልክ አላይም፣ ወረቀት አምጣ» አለኝ። አክስቴ በሶማሊኛ ገባችበት። አገሩን ጠየቀችው፣ ጎሳውን ጠየቀችው፣ ዘመድ ልታደርገው ምንም አልቀራት። እሱ እየሳቀ መለሰላት። ከዚያ «እማማ፣ አንቺ እለፊ» አላትና ወደ እኔ ዞሮ ፊቱን አጠቆረ።

«እኔስ ምን ላድርግ?»

«ድሬዳዋ ተመለስና ተወጋ። ወይ ጠብቅ።»

ምን እንደምጠብቅ አልነገረኝም። ያንን የነገረኝ አንድ ደላላ ነው። ጆሮዬ ሥር መጥቶ «ነገሩ በትንሽ ሻይ ያልቃል» አለኝ። እምቢ አልኩ። አክስቴ «አቦ ስጠውና እንሂድ!» ብላ ጮኸችብኝ። አሁንም ባለመስጠቴ ደስ ይለኛል፤ ምንም እንኳ ያን ሁሉ ሰዓት ቆርቆሮ ሥር ብንቀቀልም። አክስቴ ካርቶን አንጥፋ ተቀመጠች። አላናገረችኝም።

እኩለ ቀን ላይ ጫት መጣ፤ መስኮቱ ተዘጋ። ድሬ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ሲከፈት ሌላ ሰው ተቀምጧል። ጉንጩ ሞልቷል። ካርዴን ገለበጠ፣ የተከበበውን ቀን አላየም፣ «ሂድ» አለኝ። በቃ! ሕጉ ገብቶት ቢሆን ኖሮ እንኳ አልናደድም ነበር።

«ካርዱ እንዳለ ይሠራል» ይሏችኋል። አትመኑ። የተከተባችሁበት ቦታ ሂዱና «ለዕድሜ ልክ» አስጽፋችሁ ማኅተም አስመቱበት። መስኮቱ ጋ ከረፋዱ በፊት ድረሱ። ዓርብ አትሂዱ።

ጉዞው ራሱስ? ሁሉም ሰው «ከጅቡቲ ከተማ ታጁራ በጀልባ ሂዱ» ይላል። ስትመለሱ በጀልባ ይሁን፣ ስትሄዱ ግን በመኪና ሂዱ። ጉቤት የሚታየው ከመንገዱ ነው። ጥቁር ድንጋይ ቀጥ ብሎ ባሕሩ ውስጥ ይገባል፤ ጫፉ ላይ አጥር የለም፤ ነፋሱ ደግሞ ነጠላ ይነጥቃል። የአክስቴን ነጥቋል። ከዚያ ወረድ ብሎ አሳል ሐይቅ አለ፣ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ፤ በአፍሪካ ከዚያ የሚዘቅጥ መሬት የለም። አፋሮች በግመል ወደ ደጋው የሚጭኑት ጨው ከዚህ ነበር። አጠገቡ ያለው አርዱኮባ እሳተ ገሞራ በ1978 እ.ኤ.አ. ፈንድቷል፤ የቀዘቀዘው ድንጋይ ጫማ ይቆርጣል። ነጠላ ጫማ አታድርጉ።

ታጁራ ትንሽ ናት። ነጭ የተቀቡ መስጊዶች፣ ጀልባዎች፣ ከኋላ የጎዳ ተራራ። ሐረር ራምቦ ቤትን፣ የፈረንሳዊውን ገጣሚ የአርተር ራምቦን መታሰቢያ፣ ላየ ሰው ደግሞ ሌላ ትርጉም አላት። ሰውዬው ለምኒልክ ሊሸጥ ያመጣውን ጠመንጃ ይዞ፣ ፈቃድና ግመል እየጠበቀ፣ እ.ኤ.አ. እስከ ጥቅምት 1886 ድረስ ወራት ሙሉ የተጉላላው እዚህ ነው። እኔ ግማሽ ቀን ተጉላልቼ ነው እንዲህ የማማርረው።

ነጭ አሸዋው ከታጁራ በመኪና ቅርብ ነው። ውሃው ንጹህ ነው። ጥላ ግን ይዛችሁ ሂዱ። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ካልሆነ ጨርሶ አትሞክሩት፤ በሙቀታቸው ወራት የድሬ ሙቀት እንኳ ይናፍቃችኋል። ዋጋው ውድ ነው፣ በተለይ ምግብ። እኛን ያዳነን አክስቴ የያዘችው በሶ ነው።

በሚቀጥለው ኦቦክ ነው ሐሳባችን፤ ጀልባው ወደዚያም ይሄዳል። አክስቴ ታርቃኛለች። ካርዴም ላይ ማኅተም አስመትቻለሁ። ለማንኛውም ብዬ ሁለት።