ሠዓሊውን በሥዕላቸው በኩል

ባሕር ዳር ስለሚኖሩ አንድ አዛውንት ሠዓሊ አጭር ፊልም እየሠራሁ ነው። የመጀመሪያ ቀን ካሜራዬን ፊታቸው ደቅኜ «ጋሼ፣ እስቲ ስለ ሕይወትዎ ያጫውቱኝ» አልኳቸው። «ምን አወራልሻለሁ ልጄ፤ ሥዕሉን ቅረጪው» ብለው ወደ ቀለማቸው ተመለሱ። እውነታቸውን ነው።

በማግስቱ በጀልባ ዘጌ ተሻገርኩ። በልጅነታቸው መጀመሪያ ሥዕል ያዩት ኡራ ኪዳነ ምሕረት ነው። በቡናው መሀል አቀበቱን ወጥቼ ክቡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስገባ የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕል ነው። ጻድቃኑ በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ያዩኛል፤ ክፉዎቹ በጎን ተስለው አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ቀለሙን እንዳይጎዳው ብዬ መብራት አላበራሁም። በበሩ የሚገባው ብርሃን በቃኝ።

ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባበት ደሴቱን ከሩቅ ቀረጽኩት፤ አንድ የደንገል ታንኳ ከፊቱ እስኪያልፍ ጠብቄ።

ያቺን ታንኳ ቤታቸው አገኘኋት። የእመቤታችንን ስደት ሲስሉ ከኋላዋ ሐይቅ፣ ሐይቁ ላይ ታንኳ አድርገዋል። «ጣና ቂርቆስ አርፋ የለ እንዴ!» አሉኝ፣ አባቶች የሚተርኩትን እያስታወሱ።

ዓይን የሚስሉት መጨረሻ ላይ ነው። ትናንት ትንፋሻቸውን ውጠው የግራውን ዓይን ሲጨርሱ ሳላቋርጥ ቀረጽኩ። አውራ ጣታቸው ጥፍር ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ደርቋል። ከዚያች ጥፍር ነው ፊልሙን የምጀምረው።