እሁድ የተፈተነው ጂፒኤስ

ስምሪት ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ስልኬ እንደዚያ ሰኞ ጠዋት ጮኾ አያውቅም። ሰባት የሰርቪስ ሚኒባሶች ሠራተኛ ጭነው ወጥተዋል። ከሰባቱ አራቱ አንድ መንገድ ላይ ተደርድረው ቆመዋል። አራቱም እዚያ የገቡት እኔ መርጬ ባስገዛሁት ጂፒኤስ ተመርተው ነው። ይባስ ብሎ እኔ ራሴ ከአራቱ በአንዱ ጋቢና ውስጥ ተቀምጫለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር። ሠራተኛው በየጊዜው እያረፈደ ቅሬታ በዛ። አለቃዬ ጠራኝና «መጨናነቁን እያየ በሌላ በኩል የሚወስድ ጂፒኤስ አጥናና ግዢ እንጠይቅ» አለኝ። አጠናሁ ለማለት አፌን ይይዘኛል። ስክሪኑ ሰፋ ማለቱን አየሁ። ካርታው ዕድሜ ልኩን በነጻ እንደሚታደስ አየሁ። ካርቶኑ ላይ «ትራፊክ» የሚል ቃል አየሁ። በቃ፣ ጥናቴ ይኸው ነበር።

አልሞከርኩትም እንዳይባል ደግሞ ሞክሬዋለሁ። እሁድ ረፋድ ላይ ራሴ መኪና ላይ ለጥፌ ከአንደኛው የሰርቪስ መነሻ እስከ ቢሮ ነዳሁ። መንገዱ ጭር ብሏል። መሣሪያው 22 ደቂቃ አለኝ፤ በ21 ደረስኩ። ደስ ብሎኝ ሪፖርቴን በዚያው ቀን ጻፍኩ። ሰው እንዴት በባዶ መንገድ የመጨናነቅ መሣሪያ ይሞክራል እንዳትሉኝ።

ወደ ሰኞው ልመለስ። የኛን ሚኒባስ የሚነዱት አንጋፋው ሹፌር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ከድልድዩ በፊት ወደ ቀኝ የምትታጠፍ መንገድ አለች። እዚያ ስንደርስ ፍሬቻ አበሩና «ልጄ፣ በታች በኩል ልዙር? ሰኞ ነው፣ ድልድዩ ይይዛል» አሉኝ።

«ግድ የለም ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ እሷን እንስማት» አልኩ፣ ወደ ስክሪኑ እየጠቆምኩ። ምንም አልመለሱልኝም። ፍሬቻውን አጥፍተው ቀጥ አሉ።

ድልድዩ ጋ ሳንደርስ ቆምን። ከፊት አንድ የጭነት መኪና ተበላሽቶ አንዱን ረድፍ ዘግቷል። ይህን የሰማነው ወርዶ ካጣራ ተሳፋሪ ነው እንጂ ከመሣሪያው አይደለም። መሣሪያው ላይ ሰማያዊው መስመር ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። ከሥሩ «9 ደቂቃ ቀርቷል» ይላል። ከሩብ ሰዓት በኋላ አየሁት። 9 ደቂቃ ቀርቷል። ከኋላ ወንበር የሆነ ሰው ሳቁን ሲያፍን ይሰማኛል። ትንሽ ፈቀቅ አልንና እንደገና አየሁት። 9 ደቂቃ።

ጋሼ መሪው ላይ ክንዳቸውን አስደግፈው ስክሪኑን ትክ ብለው አዩት። «ይቺ ልጅ የት እንዳለን አሳምራ ታውቃለች» አሉ። «ከፊታችን ምን እንዳለ ግን ማን ነግሯት!»

ቢሮ የገባነው 50 ደቂቃ አርፍደን ነው።

ማታ መመሪያውን ይዤ ቁጭ አልኩ። የጋሼ «ማን ነግሯት» ከጭንቅላቴ አልወጣ ብላለች። ለካ ጠቅላላው ነገር እሷ ናት። ሳተላይት ስለ መጨናነቅ የሚያውቀው አንዳች ነገር የለም። ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆኖ ሰዓቱንና ያለበትን ቦታ ይልካል። መሣሪያው ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች የደረሰውን አስልቶ የራሱን ቦታ ያገኛል። የሳተላይቱ ሥራ እዚህ ላይ አለቀ። መንገዱ መዘጋቱን ሌላ አካል፣ በሌላ መስመር ሊነግረው ይገባል።

ለኛው መሣሪያ የሚነገረው በሹፌሩ ስልክ በኩል ነበር። ስልኩ ላይ አፑ መጫን፣ በብሉቱዝ መገናኘት፣ ዳታው መብራት አለበት። ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፤ «ትራፊክ» ከምትለዋ ቃል ሥር፣ በደቃቅ ፊደል። ከሰባቱ መኪኖች በአንዱም ላይ የተገናኘ ስልክ አልነበረም። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችው የትራፊክ ምልክት ጠዋት ሙሉ ግራጫ ሆና ነበር። እኔ ጌጥ መስላኝ!

ታዲያ ያን 22 ደቂቃ ከየት አመጣው? ካርታው ውስጥ ከተቀመጠው የተለመደ ፍጥነት ነው። ሻል ያሉት መሣሪያዎች ይህን ፍጥነት በየቀኑና በየሰዓቱ ለይተው ይይዛሉ፤ ሰኞ ጠዋት ከእሁድ እንደሚብስ ያውቃሉ ማለት ነው። የዛሬዋ ሰኞ ላይ የጭነት መኪና መበላሸቱን ግን አያውቁም።

ከዚያ በኋላ እልህ ያዘኝና ሌሎቹንም ዓይነቶች አገላበጥኩ። በኤፍኤም ሬዲዮ ሞገድ ላይ ተደርቦ የሚመጣ የትራፊክ መረጃ የሚቀበሉ አሉ። ዳታ አይጠይቁም፣ ወርኃዊ ክፍያ የላቸውም፤ መጀመሪያ ልቤ ወደ እነሱ አዘንብሎ ነበር። ችግሩ መስመሩ ቀጭን ነው። በሰከንድ የሚያልፈው 1187.5 ቢት ብቻ ነው። ስለዚህ መልእክቱ በቃላት አይመጣም። ምን እንደተፈጠረ አንድ ኮድ፣ የት እንደተፈጠረ ሌላ ኮድ ይመጣል፤ መሣሪያው ውስጡ ካለው ሠንጠረዥ ፈልጎ ይፈታዋል። ሠንጠረዡ ውስጥ የሌለ መንገድ ወሬ የለውም። ሠንጠረዡ ደግሞ በብዛት የሚይዘው ዋና ዋናዎቹን ነው። እኛ የምንሸሽባቸው የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ዝግ ይሁኑ ክፍት አይነግረንም። እሱም ቢሆን በአካባቢው የሚያሰራጭ ጣቢያ ካለ ነው።

በኢንተርኔት የሚመጣው ይሻላል፤ ምንጩ በየመኪናው ያሉት ስልኮች ራሳቸው ናቸው። አንድ መንገድ ላይ ያሉ ስልኮች ሁሉ እያዘገሙ ከሆነ መንገዱ ካርታው ላይ ቀይ ይሆናል። ይህንንም ማሞኘት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የአንድ የበርሊን አርቲስት ሥራ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር፤ ሰውየው 99 ስልኮች በእጅ ጋሪ ጭኖ ባዶ መንገድ ላይ እየጎተተ ሲሄድ ጎግል ማፕስ መንገዱን ተጨናንቋል ብሎ አቀላው። ሳነበው ብቻዬን ሳቅኩ። ግን ነገሩ ሲገለበጥ ለኛ ቁም ነገር ነው። ብዙ ስልክ የማያልፍበት መንገድ ላይ መሣሪያው የሚያወራው በግምት ነው።

በማግስቱ ጋሼን «አብረን እንሞክር» ብዬ ለመንኳቸው። ሦስት ጠዋት፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ሁልጊዜ 1 ሰዓት ተኩል ላይ። አንድ ቀን የራሳችን መሣሪያ ከስልክ ጋር ተገናኝቶ፣ አንድ ቀን ስልክ ብቻውን መያዣ ላይ ተሰክቶ፣ አንድ ቀን የራሱ ሲም ካርድ ያለው ሌላ መሣሪያ በትውስት።

ረቡዕ የስልኩ ተራ ነበር። ከድልድዩ ቀደም ብሎ «6 ደቂቃ የሚያተርፍ መንገድ አለ» አለ። ታጠፍን። እውነትም መንገዱ ክፍት! ጋሼ እንኳ ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። ወዲያው የእኔ ስልክ ጠራ። «ፌርማታ ላይ ቆመን ነው፣ የት ደረሳችሁ?» ይላል አንዱ ሠራተኛ። አዲሱ መንገድ ሁለት ፌርማታ ዘሎ አልፏል። ጂፒኤሱ ምን ያድርግ፤ የሞላንለት መነሻና መድረሻ ብቻ ነው። ሰው የምናነሳበትን አልነገርነውም። ዞረን ስንመለስ ያተረፍነው ሁሉ ተበላ።

ከዚያ ወዲህ ፌርማታዎቹን በቅደም ተከተል መሐል ላይ እናስገባለን። መንገድ ከመቀየሩ በፊት እንዲጠይቅም አደረግነው። ሁሉም የሚሞላው መኪናው ሳይነሳ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሹፌር ስክሪን ላይ ለ3 ሰከንድ ካፈጠጠ 50 ሜትር ሳያይ ነድቷል።

ባለ ሲም ካርዱ ያለ ጣጣ የሚሠራው እሱ ነበር፤ የማንንም ስልክ አይለምንም። ለግል መኪና ከጠየቃችሁኝ ግን ስልክና አንድ ጠንካራ መያዣ ይበቃል ባይ ነኝ፤ ፀሐይ ሲያገኘው እየጋለ ስክሪኑ መደብዘዙን ከታገሣችሁ። እኛ አዲስ አልገዛንም። በየትኛው ፊቴ ልጠይቅ? ያሉትን ከስልክ ጋር አገናኘናቸው። የጥጓ ምልክት ቀለም ሳታገኝ መኪና ከግቢ አይወጣም። ጋሼ በየጠዋቱ በጣታቸው እየነኳት «ነቃሽ?» ይሏታል። ሹፌሩ መንገዱን አውቃለሁ ካለ ደግሞ የሚሰማው እሱ ነው፤ ይህን ስምሪት ወረቀቱ ላይ በጽሑፍ አስገብቼዋለሁ።

ስለዚያ ሰኞ ማብራሪያ እንድጽፍ ታዝዤ ነበር። ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ስለ ሳተላይቱም፣ ስለ ብሉቱዙም፣ ስለተበላሸው መኪናም ዘረዘርኩ። አለቃዬ አንብቦ ሲመልስልኝ ከሁለቱ ገጽ አንዲት መስመር ላይ ብቻ በቀይ አስምሮበታል፦ «ሙከራው የተካሄደው እሁድ ዕለት ነው።»