ከወንዝ ዳር የተገኘ አጥንት፦ መጀመሪያ ስብራቱን ተመልከቱ

በወንዝ ጠጠር መካከል ጥቁር ወይም ቡናማ፣ ከበድ ያለ ቁራጭ ሲገኝ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ቅርጹ ላይ ነው። ስህተቱም ብዙ ጊዜ ከዚያ ይጀምራል። ውኃ ተራውን ድንጋይ አጥንት ያስመስለዋል፤ እውነተኛውን አጥንት ደግሞ አድበልብሎ ጠጠር ያደርገዋል። ስለዚህ ከቅርጹ በፊት የተሰበረውን ወገን ማየት ይገባል።

10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ መነጽር ይበቃል። ቁራጩን እጠቡት፣ ገና እርጥብ ሳለ ብርሃን ከጎን እንዲያርፍበት አድርጋችሁ ተመልከቱት። አጥንት ከሆነ ከውጭ ጥቅጥቅ ያለ ግድግዳ፣ ከውስጥ ደግሞ እርስ በርስ የተያያዙ ጥቃቅን ክፍተቶች ያሉበት መረብ ይታያል። በግድግዳው ላይ የደም ሥሮች ያለፉባቸው ደቃቅ ነጥቦች አሉ። በረጃጅም አጥንቶች መሀል መቅኔው የነበረበት ባዶ ቦታ ብዙ ጊዜ በአሸዋ ወይም ካልሳይት በሚባል ማዕድን ተሞልቶ ይገኛል። ድንጋይ የሆነ እንጨት ቃጫው በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋል። ብዙ ሰው የሚያሳስተው ግን ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። የእሱ ቀዳዳዎች የጋዝ አረፋዎች ስለሆኑ መጠናቸው ይዘበራረቃል፤ ከውጭ የሚከባቸው ጥቅጥቅ ያለ ግድግዳም የለም።

ቀለም ዕድሜን አይናገርም። ጥቁሩ አብዛኛውን ጊዜ ከማንጋኒዝ፣ ቀይና ቡናማው ከብረት የመጣ ነው፤ አየር በማይደርስበት ጭቃ ውስጥ የተቀበረ የላም አጥንትም ሳይቆይ ሊጠቁር ይችላል። አጥንት መሆኑን ለመለየት ምላስ ላይ ማጣበቅ የሚባለውን ፈተና አልመክርም። ሸክላ አፈርም ይጣበቃል፣ ቀዳዳው ሲሊካ በሚባል ማዕድን የተሞላ ቅሪተ አካል ደግሞ ጨርሶ አይጣበቅም፤ የወንዝ ቆሻሻም አለበት። የጋለ መርፌ ይሻላል፦ ለምንም የማይጠቅም ስባሪ ላይ ሲነካ የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ ኮላጅን፣ ማለትም የአጥንቱ ፕሮቲን፣ አለ ማለት ነው። ይህም ቢሆን አጥንቱ የትናንት ነው ማለት አይደለም፤ በቀዝቃዛ ወይም በደረቅ ቦታ ኮላጅን ለብዙ ሺህ ዓመታት ይቆያል።

ጥርስ ሲገኝ ሥራው ይቀላል። ኢናሜል፣ ማለትም የጥርስ ጠንካራ የውጭ ሽፋን፣ በክብደቱ 96 ከመቶ ገደማ ማዕድን ስለሆነ ወንዝ የሚያደቀውን ሁሉ ተቋቁሞ ይቀራል፣ የማኘኪያ ገጹም የእንስሳውን ወገን ይናገራል። ላምና መሰል አመንዣኪዎች በገጹ ላይ ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ የኢናሜል ጥምዝ መስመሮች አሏቸው፤ በላምና በጎሽ የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ላይ በምላስ በኩል፣ በሁለቱ ጉብታዎች መካከል፣ ቀጭን ምሰሶ ይቆማል። የፈረስና የአህያ ወገን ጥርስ ረጅም ነው፤ የላይኛው ከላይ ሲታይ ወደ አራት ማዕዘን ይጠጋል፣ ኢናሜሉ ክፉኛ የተጣጠፈ ነው፣ የታችኛው ጠበብ ብሎ ይረዝማል። ጉማሬ ሲያኝክ ጉብታዎቹ ተበልተው ባለ ሦስት ክንፍ ቅጠል መልክ ይይዛሉ። የዝሆን መንጋጋ ጥርስ ሲሚንት በሚባል አጥንት መሰል የጥርስ ክፍል የተያያዙ ቋሚ ሳንቃዎች ድርድር ነው፤ ብቻውን የተገነጠለ ሳንቃ ምን እንደሆነ ለማወቅ ያስቸግራል። አዞ ጥርሱን በዕድሜው ሙሉ ስለሚቀያይር የወላለቁት በብዛት ይገኛሉ፦ ሾጣጣ፣ ከሥሩ ክፍት፣ በሁለት ጎን ስለታም ጠርዝ ያላቸው።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ለአሳማ ወገን ነው። ዝቅ ያሉና የተድቦለቦሉ ጉብታዎቹ በማኘክ ሲበሉ የሰው ጥርስ ይመስላሉ። አሜሪካዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ሄንሪ ፌርፊልድ ኦስቦርን እ.ኤ.አ. በ1922 በአሜሪካ ከነብራስካ በተገኘ አንድ ያረጀ መንጋጋ ጥርስ ላይ ብቻ ተመርኩዞ ሄስፔሮፒቴከስ የሚባል አዲስ ሰው መሰል ዝንጀሮ ለዓለም አስተዋወቀ። በ1927 ጥርሱ የፔካሪ፣ ማለትም የአሳማ ዘመድ መሆኑ ታወቀ። ያ ሁሉ ዕውቀት ያለው ሰው እንዲህ ከተሳሳተ፣ በተሸረሸረ አንድ ጥርስ ላይ ቸኩሎ መፍረድ ለማንም አይበጅም።

ከአጥንቶች መካከል በቀላሉ የሚለየው የቁርጭምጭሚቱ አስትራጋለስ ነው፤ ጠንካራ ስለሆነ ሳይሰበር ይገኛል። ሸኮናቸው የተሰነጠቀ እንስሳት ከላይም ከታችም ጎድጎድ ያለ መዘውር አላቸው፤ ፈረስ አንድ ብቻ፣ እሱም ዘመም ያለ። የዓሣ አከርካሪ በሁለቱም ፊት ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው። የኤሊ ልብስ ስባሪ ጠፍጣፋ ሲሆን ጠርዙ መጋዝ የሚመስል መጋጠሚያ አለው።

ወንዝ የተለያየ ዘመን ቅሪቶችን አንድ ላይ ስለሚያከማች ጎን ለጎን የተገኙ ሁለት አጥንቶች የአንድ ዘመን ናቸው ማለት አይቻልም። በገደሉ ደለል ውስጥ እንዳለ የሚታይ አጥንት ግን ከየትኛው ንብርብር እንደሆነ ስለሚታወቅ ዋጋው ሌላ ነው። አትንቀሉት፤ ፎቶ አንሱ፣ የተገኘበትን ቦታ በጂፒኤስ መዝግቡ፣ ለሙዚየም ወይም ለቅርስ መሥሪያ ቤት አሳውቁ። መሬት ላይ የወደቀውን ለማንሳትም በብዙ አገር ፈቃድ ያስፈልጋል። የሰው የሚመስል ከሆነ ምንም ሳትነኩ ለፖሊስ ተናገሩ።

በሕጋዊ መንገድ የተነሳውን በጥላ ስር ቀስ አድርጋችሁ አድርቁ። ፀሐይ ላይ የተጣለ ጥርስ ይሰነጠቃል፤ ኢናሜሉና ከሥሩ ያለው ዴንቲን እኩል አይኮማተሩምና። ኮምጣጤ አታስነኩት፣ አጥንቱ የተሠራበትን አፓታይት የሚባል ማዕድን አሲድ ያሟሟዋል። የሚፈረፈር ከሆነ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ 5 ከመቶ ገደማ ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባል የማጠንከሪያ ሙጫ በአሴቶን ሟሙቶ ይቀባል፤ እርጥበት ካለ ላዩ ነጭ ይሆናል። ሱፐር ግሉና ቫርኒሽ በኋላ ለማስለቀቅ ስለሚያስቸግሩ ይቅሩ።

ለባለሙያ ፎቶ ስትልኩ ለጥርስ የማኘኪያውን ገጽ፣ የጉንጩንና የምላሱን ጎን እንዲሁም ሥሩን አንሱ፤ ለአጥንት ሁለቱን ጫፎችና ስብራቱን። ማስመሪያው ከምትለኩት ገጽ ጋር በአንድ ከፍታ ይሁን፤ ዝቅ ብሎ መሬት ላይ ከተቀመጠ ቅሪቱ በፎቶው ላይ ከልኩ በላይ ትልቅ ሆኖ ይታያል።