ግድግዳ ያፈረሱ ሸማኔዎች፦ የገና መልእክት

ወዳጆቼና የምጽፈውን በትዕግሥት የምትከታተሉ ሁሉ፣ እንኳን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ። ዘንድሮ የምልክላችሁ ስጦታ የአንድ ትንሽ መንደር ጸሎት ቤት ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝ አገር በዮርክሽር፣ ከሄብደን ብሪጅ ከተማ በላይ ባለው ኮረብታ አናት ላይ ሄፕተንስቶል የምትባል መንደር አለች። ባለፈው ኅዳር ወደዚያ የወጣሁት በጥንቱ የጭነት ፈረሶች መንገድ ነበር። ዝናብ ያረጠበው የድንጋይ ንጣፍ ያንሸራትታል፣ ዳገቱም አያፈናፍንም፤ ሁለት ጊዜ ቆሜ ግድግዳ ተደግፌ ትንፋሼን ከሰበሰብሁ በኋላ ነው አናቱ ላይ የደረስሁት። ከጠቆረ ድንጋይ የተሠሩት ጥንታዊ ቤቶች ጠባብ ጠባብ መስኮቶቻቸውን ጎን ለጎን ደርድረው ይታያሉ። ይህ ለጌጥ የተደረገ አይደለም፤ የመንደሩ ሰው ኑሮው የሱፍ ሽመና ስለነበረ፣ የክሩን ጫፍ ለማየት የቀን ብርሃን ያስፈልገው ነበር። በአገራችን ሸማኔ “ቁጢት በጣሽ” እየተባለ ምን ያህል ሲናቅ እንደኖረ ለምታውቁ፣ ይህ የሸማኔዎች ታሪክ መሆኑን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

በ1740ዎቹ ዊልያም ዳርኒ የሚባል ስኮትላንዳዊ ሰባኪ በእነዚህ ሸለቆዎች እየዞረ፣ የሰሙትን በየቤቱ በትንንሽ ማኅበር ያሰባስብ ነበር። ሜቶዲስት የተባለውን የመንፈሳዊ መነቃቃት እንቅስቃሴ ይመራ የነበረው ጆን ዌስሊም በፈረስ እየመጣ ይሰብክላቸው ጀመር። ዌስሊ እስከ ዕለተ ሞቱ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ ሜቶዲስቶቹ የሚሠሩትን ቤት “ቤተ ክርስቲያን” ሳይሆን የስብከት ቤት ይሉት ነበር፤ ቅዱስ ቁርባን የሚቀበሉት እዚያው መንደር ባለው በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን ይፈልግ ነበርና። የዚያ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መልክ ግን አልጣመውም፤ ከሚያውቃቸው አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ አስቀያሚው ይህ እንደሆነ ጽፎ አልፏል። እኔ እንኳ አሁን ፍርስራሹን አይቼ አልጨከንሁበትም።

ማኅበሩ ከሳሎንና ከጓዳ በላይ ሲሆን፣ በ1764 የራሳቸውን ቤት መሥራት ያዙ። ጣሪያው ሳይገጠም ዌስሊ በባዶው ግድግዳ መካከል ቆሞ ሰበከ። ቤቱ ስምንት ማዕዘን ነው። ዌስሊ ይህን ቅርጽ ይወደው ነበር፤ ለድምፅ ከሌላው ቅርጽ ሁሉ ይሻላል ይል ነበር። የአራዳ ጊዮርጊስን ለተሳለመ ሰው ስምንት ማዕዘን እንግዳ ነገር አይደለም፤ በዚያ ኮረብታ ላይ ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ የሚያውቅ አናጢ አልተገኘም። ስለዚህ ጣሪያው ከአምሳ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በሮዘራም ተሠራ፤ ከዚያም ክፍል በክፍል ተነጣጥሎ በፈረስ ተጭኖ መጣ። እኔ አንድ ቦርሳ ተሸክሜ ያቃሰትሁበትን ዓይነት ዳገት እነዚያ ፈረሶች ወራጅ እንጨት ተጭነው ወጥተውታል። የመንደሩም ሰው ወንዱም ሴቱም ወጥቶ በመዝሙር ተቀበላቸው ይባላል። በቅርጹ ላይ የሚነገር ቀልድም አለ፤ ማዕዘኑ ሰፋ ሰፋ ያለው ሰይጣን የሚደበቅበት ጥግ እንዳያገኝ ነው ይላሉ።

እዚህ ላይ ከበዓላችን ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ የዩልዮስን የቀን አቆጣጠር ትከተል ስለነበረ፣ የእነርሱ ገናና የእኛ ገና የሚውሉት በአንድ ቀን ነበር። የጆን ታናሽ ወንድም ቻርለስ ዌስሊ፣ ዛሬ በብዙ አገር ለገና የሚዘመረውን የመላእክቱን ብሥራት መዝሙር በ1739 ሲያሳትም፣ እርሱም ልደትን የሚያከብረው እኛ በምናከብርበት ዕለት ነበር። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ መንግሥት አቆጣጠሩን ሲለውጥ አሥራ አንድ ቀን ተዘለለና ተለያየን። ሸማኔዎቹ ቤታቸውን ሲሠሩ ገናቸው ከእኛ ቀድሞ መዋል ከጀመረ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር።

ከታሪኩ ሁሉ ልቤን የነካው ግን የ1802ቱ ነው። ቤቱ ሞላ። በዚያ ልፋት የቆመው፣ ዌስሊ ራሱ የወደደው ቅርጽ ለሚመጣው ሰው አልበቃም። ዌስሊ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ስለነበር፣ ቅርጹን እንደ ውርስ ይዘው “ቀድሞ የመጣ ይቀመጥ” ቢሉ ማንም ባልፈረደባቸው። እነርሱ ግን የአንዱን ጫፍ ግድግዳ አፍርሰው የጎኖቹን ግንብ አስረዘሙት። ስለዚህ ዛሬ የሚታየው ስምንት ማዕዘን እኩል አይደለም፤ ወደ አንድ በኩል ተስቦ ረዝሟል። ቅርጽ የሚወድ ዓይን ይህን እንደ ጉድለት ያየው ይሆናል፤ እኔ ግን ከጎኑ ቆሜ ስመለከተው፣ በቤተ ልሔም ለእንግዶች ማረፊያ ስፍራ ያልተገኘላቸውን እናትና ልጅ አሰብሁ።

እኛም በዚህች ከተማ ገናን የምናከብረው በኪራይ አዳራሽ ነው። አምና ካፖርቱ ከመስቀያው ተርፎ በመስኮቱ ደፍ ላይ ተቆልሎ፣ ዘግይተው የደረሱት ሕፃን ያዘሉ እናቶች በመተላለፊያው ቆመው እንዳመሹ ያያችሁት ታስታውሳላችሁ። ዘንድሮ አዳራሹን ከጎረቤቱ ክፍል የሚለየውን ተጣጣፊ ግድግዳ እንድንከፍት ጠይቀን ተፈቅዶልናል። ወንበር ስለሚያንስ ከቤታችሁ የምትችሉ አንዳንድ ይዛችሁ ኑ፤ ድፎ ዳቦውን እኔ አመጣለሁ።