ጨጓራዬ ከተቆረጠ በኋላ ኮንትራስቱን እንዴት ጠጣሁት

ጨጓራዬ ከተቆረጠ ዓመት ሊሞላው ነው። ለብዙ ጊዜ የቆየ ቁስለት የጨጓራዬን መውጫ አጥብቦት፣ የበላሁት ሁሉ እየተመለሰ አስቸገረኝ። በመጨረሻ ሐኪሞቹ የታችኛውን ክፍል ቆርጠው አወጡትና የቀረውን ከትንሹ አንጀት ጋር ቀጠሉት። ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለፈ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለ ኦፕራሲዮን የሚያወራ ሰው ሞልቷል። ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ምርመራና ስለሚጠጣው ነገር ግን የነገረኝ አልነበረም። እኔ ያለፍኩበትን ልንገራችሁ።

ኮንትራስት የሚሉት ፈሳሽ የራጅ ጨረርን ያግዳል። በሄደበት መንገድ ሁሉ ጨጓራውና አንጀቱ በምስሉ ላይ ነጭ ሆነው ይወጣሉ። እኔ የማውቃቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ባሪየም ነው፤ የተበጠበጠ ኖራ ይመስላል። ሌላው አዮዲን ያለበት ነው፤ ከውሃ ጋር ይዋሃዳል፣ ጥርት ያለ ነው። ስፌቱ ያፈስ ይሆን ተብሎ ሲጠረጠር የሚመረጠው ሁለተኛው ነው። ባሪየም ከአንጀት ውጭ ሆድ ውስጥ ከፈሰሰ እዚያው ይቀርና ክፉኛ ያስቆጣል። የአዮዲኑን ግን ሰውነት መጥጦ በኩላሊት ያስወጣዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የጠጣሁት ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በአምስተኛው ቀን፣ ራጅ ክፍል ቆሜ ነው። ጥቂት ጉንጭ ብቻ ነበር። አላፈሰሰም ተባልኩ፣ ማታውኑ ሾርባ ጀመርኩ። ምንም አላስቸገረኝም። እንደውም ያ ቅለት ነው በኋላ ያዘናጋኝ።

ከወራት በኋላ ጎኔ አካባቢ እየመጣ የሚሄድ ቁርጠት ጀመረኝ። ክብደቴም ቀነሰ። ሐኪሜ ሲቲ ስካን አዘዘልኝ፤ በራጅ ጨረር የሆድን ውስጥ በዝርዝር የሚያሳይ ምርመራ ነው። እዚሁ ሀዋሳ አንድ የምርመራ ቦታ ሄድኩ። አንድ ሊትር በጆግ ተበጥብጦ ተሰጠኝ። «በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨርሺው፣ ቶሎ ቶሎ ጠጪ፣ ወረፋ አለ» አለኝ ልጁ። ጨጓራሽ ተቆርጦ ያውቃል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም ኦፕራሲዮን አድርጌያለሁ አላልኩም፤ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል ብዬ አሰብኩ። ሁለት ትልልቅ ብርጭቆ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ገለበጥኩ።

ሩብ ሰዓት አልሞላም። ልቤ ድው ድው ይል ጀመር። ላብ ከግንባሬ ወረደ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ሆዴ ውስጥ የሚንቦጫቦጭ ነገር ይሰማኛል። ሽንት ቤት ሳልደርስ ኮሪደር ላይ አስታወከኝ። ከዚያ ደግሞ ተቅማጥ። ምርመራው ሳይነሳ ቀረ፣ ገንዘቡም አልተመለሰልኝም። ያን ቀን ከገንዘቡ ይልቅ ያሳዘነኝ ኮሪደር ላይ ያየኝ ሰው ሁሉ «ደካማ ናት» የሚለኝ ስለመሰለኝ ነው። ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሐኪሜ ስነግረው ወረቀት አውጥቶ ጨጓራ ሳለልኝ። የጨጓራ መውጫ ላይ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ጡንቻ አለ። ምግቡን ጥቂት ጥቂት እያለ ወደ አንጀት የሚያሳልፈው እሱ ነው። የእኔ ከተቆረጠው ክፍል ጋር ወጥቷል። ስለዚህ የጠጣሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ አንጀቴ ላይ ይደፋል። ኮንትራስቱ ወፈር ብሎ ከተበጠበጠ ደግሞ ከደም ውስጥ ውሃ ወደ አንጀት ይስባል። ላቡ፣ የልብ ምቱ፣ ቁርጠቱ፣ ተቅማጡ ከዚያ የሚመጣ ነው። ዳምፒንግ ይሉታል። ጣፋጭ ሻይ ቶሎ ስጠጣ የሚያልበኝም በዚሁ ምክንያት ነው ለካ። እኔ ስኳር በሽታ ያዘኝ ብዬ ስንት ሌሊት ተጨንቄያለሁ።

ለሁለተኛው ሙከራ ሌላ ቦታ ተቀጠርኩ። በዋዜማው ራሴ ሄድኩና ባለሙያውን አነጋገርኩት። «ወንድሜ፣ ጨጓራዬ ግማሹ የለም፤ አንድ ሊትር በአንድ ሰዓት አልችልም» አልኩት። ወረቀቴን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ከሐኪሜ ጋር በስልክ ተነጋገሩ። ሦስት አራተኛ ሊትር፣ ቀጠን ተደርጎ፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል ተባለ። ያቺ የአምስት ደቂቃ ወሬ ናት ሁሉን ነገር የቀየረችው። የሚጠጣውን መጠን በራሳችሁ አትቀንሱ፤ ምስሉ ይበላሻል። ግን ንገሯቸው፣ ይቀነሳል።

ጠዋት ምንም ሳልቀምስ የእህቴ ልጅ በባጃጁ ከአቶቴ ወሰደኝ። «አክስቴ፣ ዛሬ ትጨርሺዋለሽ» ይለኛል እየደጋገመ። ኮንትራስቱን ባዶ ሃይላንድ ውስጥ አድርገው ሰጡኝ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ነበር የተበጠበጠበት። ሲስተሯን ፕላስተር ለመንኳት። በቀጫጭኑ ቆርጣ ሰጠችኝና ሃይላንዱ ላይ ከላይ ወደ ታች ለጠፍኩት፤ ፈሳሹን ለስድስት እኩል ከፈልኩት። አንዱ ክፍል ሞላ ያለ የሻይ ብርጭቆ ያህላል። ስልኬን በየሩብ ሰዓቱ እንዲጮህ አደረግኩ። ሲጮህ አንድ ፕላስተር እወርዳለሁ። እሱንም ባንዴ አይደለም፤ አራት አምስት ጊዜ ፉት እያልኩ፣ መሃል ላይ እያረፍኩ።

ስለ ጣዕሙ አልዋሻችሁም። መጀመሪያ ይመራል፣ ከዚያ ምላስ ላይ የሚቀር ጣፋጭነት አለው። የሚያስጠላው ሁለተኛው ነው። ሲሞቅ ይብሳል፤ ስለዚህ ሃይላንዱን ጥላ ውስጥ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ስትሮው ይዤ ነበር፤ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋችሁ ስትስቡት ምላስን ብዙም አይነካም። አፍሽ ምንም አይግባ ስለተባልኩ ሎሚ አልመጠጥኩም። ግን ግማሽ ሎሚ በመዳፌ ይዤ በየጉንጩ አሸተትኩ። ለእኔ ከሁሉም የበለጠ የረዳኝ እሱ ነው።

ሦስተኛው ፕላስተር ላይ ላቡ መጣ። ፈራሁ። ሲስተሯ «እህቴ፣ አቁሚ፣ በረጅሙ ተንፍሺ» አለችኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል አረፍኩ፣ ተወኝ፣ ቀጠልኩ። ጋደም ማለት አማረኝ፤ እሷ ግን ከለከለችኝ። ተኝቶ ሲያስታውክ ፈሳሹ ወደ ሳንባ ከገባ አደገኛ ነው። እኔም ግቢ ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር ቀስ እያልኩ ተመላለስኩ። ከዚያ ግቢ ታቦር ተራራ ይታያል። እዚያ ድረስ በእግሬ እወጣ የነበረበትን ጊዜ እያሰብኩ ነበር የምጠጣው።

ስድስተኛውን ክፍል አልጠጣሁትም፤ አስቀመጥኩት። ይህን የነገረኝ ባለሙያው ነው። መውጫ በር የሌለው ጨጓራ ቶሎ ባዶ ስለሚሆን፣ ሁሉንም ቀድሜ ከጠጣሁት ምስሉ ሲነሳ ጨጓራዬ ውስጥ ምንም አይገኝም። የመጨረሻዋን የጠጣኋት ማሽኑ አጠገብ ቆሜ ነው፤ ከዚያ ወዲያው አልጋው ላይ ወጣሁ።

በደም ሥር የሚሰጥ አዮዲን ያለበት ኮንትራስትም አለ። ለእሱ አስቀድሞ ኩላሊቴ በደም ታይቷል፤ ክሬቲኒን የሚሉት ምርመራ ነው። ካኑላው፣ ማለትም ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ፣ ተተከለ። መድኃኒቱ ሲገባ ከጉሮሮ እስከ ታች ሙቀት ይወርዳል፣ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ይመጣል፣ ሽንት ያመለጠ ይመስላል። አላመለጠም። በደቂቃ ውስጥ ያልፋል። ሳያውቁት ቢመጣ ያስደነግጥ ነበር፤ ባለሙያው ቀድሞ ስለነገረኝ አልደነገጥኩም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፣ ሀዋሳ ስለሆንን። ጎረቤቴ ዓሣ ስትበላ ሰውነቷ ያብጣል። «እኔ አዮዲን አይስማማኝም፣ ያን ምርመራ በፍጹም አልነሳም» ትላለች። ባለሙያውን ጠየቅኩላት። ዓሣ የሚያሳብጣት በፕሮቲኑ ነው፣ ከአዮዲን ጋር አይገናኝም አለኝ። ማንኛውንም አለርጂ መናገር ጥሩ ነው፤ ዋናው ጥያቄ ግን ከዚህ በፊት ኮንትራስት ወስደሽ አሞሽ ያውቃል ወይ የሚለው ነው።

ምርመራው ራሱ ከደቂቃዎች አልዘለለም። ትንፋሽ ያዢ፣ ተንፍሺ፣ አለቀ። ከሰዓት በኋላ ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት ሄድኩ፣ ቀጭን ተቅማጥ ነበር፤ በማግስቱ ቆመ። ውሃ ጥቂት ጥቂት እያልኩ ስጠጣ ዋልኩ። ባሪየም የጠጣ ሰው በተቃራኒው ይደርቅበታል፣ ሰገራውም ለጥቂት ቀን ነጭ ይሆናል፤ እሱም ውሃ ማብዛት አለበት። ማታ እህቴ ከአሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ አመጣችልኝ። ግማሽ ሲኒ በማንኪያ ጠጣሁ፣ ሆዴ ላይ አረፈልኝ።

ውጤቱ ደግ ነበር። የተዘጋ የለም፣ የተጠማዘዘ የለም፣ መገጣጠሚያውም ደህና ነው። ቁርጠቱ ከአበላሌ ጋር የሚመጣ ነው ተብዬ፣ በቀን ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ እበላለሁ፤ ውሃም ከምግብ ጋር አልጠጣም። ቀንሶልኛል።

አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ከመታወቂያዬ ጋር አንዲት ካርድ አለች። ሐኪሜ በእጁ የጻፋት ነች፤ ከጨጓራዬ ምን እንደወጣ፣ የቀረው ከምን ጋር እንደተቀጠለ፣ በአንድ ጊዜ ምን ያህል መጠጣት እንደምችል። ካርድ ክፍልም ሆነ ራጅ ክፍል ስገባ አስቀድሜ እሷን ነው የምሰጠው።

የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ከመስቀል በኋላ ነው። ባለፈው ሳምንት ሐኪሜን «ዶክተር፣ ደግሞ ያንኑ ልጠጣ ነው?» አልኩት። ለሚፈልገው ነገር ይህን ጊዜ ንጹሕ ውሃ ይበቃል አለኝ። ጨጓራውን ለመንፋት ብቻ ከሆነ ውሃም ኮንትራስት ሆኖ ያገለግላል። ስትሮዬንና ፕላስተሬን ግን ይዤ እሄዳለሁ።