ጥምቀትን ያስተኛኝ ኪኒን

ጎንደር ሳድግ አለርጂ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። ቨርጂኒያ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ኤፕሪል ላይ የኦክ ዛፍ ብናኝ መኪናዬን ቢጫ ዱቄት ሲያለብሰው ማስነጠስ ጀመርኩ። ሐኪሟ ፍሉቲካዞን የሚባል የአፍንጫ ስፕሬይ አዘዘችልኝ። ሦስት ቀን ነፋሁት፣ ለውጥ የለም። ጣልኩትና ሴትሪዚን ኪኒን መዋጥ ያዝኩ። ማስነጠሱንና ማሳከኩን ቶሎ ያስታግስልኛል፤ አፍንጫዬ ግን እንደተደፈነ ያድራል።

አምና ለጥምቀት አገር ቤት ገባሁ፣ ኪኒኔን ረስቼ። የጥር አቧራ ገና ከአዘዞ ፒያሳ ሳልደርስ ዘጋኝ። ቤት ስገባ ደግሞ ዕጣኑ፣ የቡናው ጭስ። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሽታ አፍንጫዬ ላይ ያዘችልኝ። ስንት ዓመት የናፈቀኝን ሽታ ማሽተት አቃተኝ!

የከተራ ዕለት ማታ እህቴ ክሎርፌኒራሚን የምትባል የአለርጂ ኪኒን ሰጠችኝ። የድሮ ዓይነት ናት፣ ታስተኛለች፤ አዲሶቹ እነሎራታዲን እንደሷ አይጥሉም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ቢቀሰቅሱኝ አልሰማሁም። ስነቃ ፀሐይ ወጥታለች፤ የእህቴ ልጅ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ዘሎ ገብቶ፣ ልብሱ እየተንጠባጠበ ፊቴ ቆሟል። «ጋሼ፣ ጸበሉን አመጣሁልህ» ብሎ ሸሚዙን ላዬ ላይ ጨመቀው።

በማግስቱ ፒያሳ አንድ ፋርማሲ ገብቼ ስሞታዬን አራገፍኩ። ባለሙያዋ «እስቲ ስፕሬዩን እንዴት ነበር የሚነፉት?» አለችኝ። አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ፣ በኃይል ስቤ አሳየኋት። ሳቀች። «ይህማ ጉሮሮዎን ነው ያከሙት!»

አንገት ትንሽ ወደ ፊት ደፋ፤ ለግራ አፍንጫ ቀኝ እጅ፣ ለቀኙ ግራ እጅ፤ ጫፉ ወደ ጆሮ በኩል። የአፍንጫን መሐል ግድግዳ ከመታ ያደማል። ሲስቡ በቀስታ። ደግሞ በየቀኑ ነው፤ ስፕሬዩ ውስጥ ያለው ስቴሮይድ የአፍንጫን እብጠት የሚያበርደው ቀስ እያለ ስለሆነ ሙሉ ለሙሉ እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። እኔ በሦስተኛው ቀን ነው የጣልኩት! አፍንጫን ወዲያው የሚከፍተውን ዛይሎሜታዞሊን የሚባል ሌላ ስፕሬይ ብጠይቃት፣ ከጥቂት ቀን በላይ ከተነፋ መልሶ ይደፍናል ብላ ከለከለችኝ።

ፍሉቲካዞኑን እንዳሳየችኝ መንፋት በጀመርኩ በዘጠነኛው ቀን ጠዋት አልጋዬ ላይ እንዳለሁ የሚቆላ ቡና ሸተተኝ። ለእናቴ ብነግራት ምጣዱን እያመሰች «አላልኩህም? ዳማከሴው ነው» አለችኝ።