ሁሉም ሲንግ ናቸው

ካሊፎርኒያ ውስጥ ትራክ የሚነዳ ሀበሻ ሁሉ ሲኮችን ያውቃል። በዓይን ማለቴ ነው። ሀይዌይ 99ን ይዛችሁ ወደ ቤከርስፊልድ ስትወርዱ ከጎናችሁ የሚያልፈውን ትራክ ቀና ብላችሁ ብታዩ፣ መሪውን የያዘው ሰውዬ ባለ ጥምጣም ቢሆን አይግረማችሁ። ስለነሱ የሚወራው ግን ያስቀኛል። አንዱ «እስላሞቹ ህንዶች» ይላል። ሌላው «የሂንዱ ቄሶች ናቸው» ይላል። አንድ ወዳጄማ የጥምጣሙ ቀለም የሀብት ደረጃ ያሳያል ብሎ በሙሉ ልብ አስረድቶኛል።

ሂንዱም ሙስሊምም አይደሉም። ሃይማኖቱ የራሳቸው ነው፤ ከተጀመረ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል። ጀማሪው ጉሩ ናናክ (ጉሩ መምህር እንደማለት ነው) በ1469 ተወለዱ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። የተወለዱበት ቦታ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ነው። አንድ አምላክ ነው ያለው፣ ሰውን በዘር ደረጃ መከፋፈል አይገባም አሉ። ከሳቸው በኋላ ዘጠኝ ጉሩዎች ተከታትለው መጡ።

ይህን ሁሉ የነገረኝ አብሮኝ የሚሠራ የፑንጃብ ልጅ ነው። ስሙን አልጽፍም። ብጽፈውም ብዙ አይጠቅማችሁም፤ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ያሉት ሲኮች ሁሉ ሲንግ ናቸው። ዲስፓቸራችን «ሲንግን ፈልጌ ነበር» የሚል ስልክ ሲመጣላት የሚታይባት ፊት ነው የሚያስቀው። ወንዱ ሲንግ፣ ሴቷ ካውር። ህንድ አገር የቤተሰብ ስም ሲጠራ የሰውየው ዘር አብሮ ይታወቃል። እሱን ለማስቀረት ነው ሁሉም አንድ ስም የያዙት። እኔም የአያቴን ስም «ላስት ኔም» ብዬ ከሞላሁ ጀምሮ ባንክ ቤት የሚጠሩት አያቴን ነው፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ እንግባባለን።

ጠዋት ትራክ ስቶፕ ላይ ጥምጣሙን ሲያስር ቆሜ አየዋለሁ። ጨርቁ 5 ወይም 6 ሜትር ይሆናል። መጀመሪያ ተወጥሮ በቁመቱ መታጠፍ አለበት። ቤቱ ከሆነ ሚስቱ አንዱን ጫፍ ትይዝለታለች። መንገድ ላይ ግን ጫፉን የትራኩ በር እጀታ ላይ ያስርና ወደ ኋላ እያፈገፈገ ይወጥረዋል። እኔ ካለሁ እኔ እይዝለታለሁ። «ሳብ! ሳብ ፓጂ!» ይለኛል። ፓጂ ወንድሜ እንደማለት ነው፤ እኔም እሱን የምጠራው እንደዚያው ነው። ከዚያ አንዱን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ፣ በጎን መስታወቱ እያየ መጠምጠም ይጀምራል። እያንዳንዱ ዙር ከበፊቱ ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ሲጨርስ በቀጭን ብረት ጆሮው ጋ ያፈነገጠችውን ፀጉር ወደ ውስጥ ይከታል። ማታ ይፈታዋል፤ ጠዋት እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምንድነው ስለው ከዴልሂ ጀመረልኝ።

በ1675 የሙጋሉ ንጉሥ አውራንግዜብ ዘጠነኛውን ጉሩ፣ ጉሩ ቴግ ባሃዱርን፣ ዴልሂ ውስጥ ቻንድኒ ቾክ ላይ አንገታቸውን አስቀላ። ሲኮች እንደሚተርኩት ጉሩው የሞቱት ለራሳቸው ሃይማኖት ብቻ አልነበረም። የካሽሚር ሂንዱዎች በግድ ሃይማኖት ቀይሩ ተባልን ብለው ሲማጸኗቸው ነው ተነስተው የሄዱት። ያን ቀን አደባባዩ ላይ ተከታዮቻቸውም ነበሩ ይባላል። ግን ከሌላው ሰው የሚለያቸው ነገር አልነበረም፤ ፈርተው ከሕዝቡ ጋር ተመሳስለው ሄዱ። አንዱ ብቻ የተቀላውን ራስ ሸሽጎ እስከ አናንድፑር ወሰደና ለልጃቸው አስረከበ። ልጁ ያኔ ገና ዘጠኝ ዓመት አልሞላውም።

ያ ልጅ ነው አሥረኛው ጉሩ፣ ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ የሆነው። ከእንግዲህ ሲክ ከሺህ ሰው መሃል ይለያል አሉ። በ1699 በመከር በዓል ሕዝቡን አናንድፑር ሰበሰቡና ሰይፍ መዝዘው «ራሱን የሚሰጠኝ ማነው?» ብለው ጠየቁ። ሕዝቡ ጸጥ አለ። ቆይቶ አንድ ሰው ተነሳ። ድንኳን ውስጥ አስገብተውት ሰይፉን በደም ነክረው ብቻቸውን ወጡ። «ሌላስ?» እንዲህ እያሉ አምስት ሰው አስገቡ። በኋላ አምስቱም በሕይወት ወጡ። አንዱ ባለሱቅ፣ አንዱ ገበሬ፣ አንዱ ውሃ ቀጂ፣ አንዱ ጨርቅ አታሚ፣ አንዱ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። (ፀጉር አይቆረጥም ለሚል ሥርዓት ፀጉር አስተካካይ መነሳቱ ደስ ይለኛል።) ጉሩው ስኳር የገባበት ውሃ በሰይፍ አማስለው አጠጧቸው። ቀጥሎ ራሳቸው ተንበርክከው «እኔንም አጥምቁኝ» አሏቸው። ጓደኛዬ እዚህ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ድምፁ ይቀየራል። ያልተቆረጠ ፀጉር፣ ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ አጭር የውስጥ ሱሪና ሰይፍ የካልሳ፣ ማለትም የተጠመቁት ሲኮች ማኅበር፣ ምልክት የሆኑት ከዚያን ጊዜ ወዲህ ነው።

እኛ ዘንድ ማተብ አለ። ማተብ ግን ክፉ ቀን ሲመጣ ሸሚዝ ውስጥ ይገባል። ጥምጣምና ጺም የት ይገባል?

መስከረም 11 2001 ካለፈ በአራተኛው ቀን አሪዞና ውስጥ ሜሳ ከተማ ባልቢር ሲንግ ሶዲ በራሱ ነዳጅ ማደያ ደጅ በጥይት ተገደለ። ገዳዩ ጥምጣሙን አይቶ ሙስሊም ነው ብሎ ነው። («ሙስሊምስ ቢሆን?» ይላል ጓደኛዬ። «እኛ እነሱ አይደለንም» ብሎ ማምለጥ አይወድም።) በ2012 ደግሞ ዊስኮንሲን፣ ኦክ ክሪክ፣ አንድ ዘረኛ ጉርድዋራቸው (ቤተ ጸሎታቸው) ድረስ ገብቶ ስድስት ሰው ገደለ። የቆሰሉት አንድ ቄስ በ2020 አረፉ።

የ1984ቱ ግን ይብሳል። ሰኔ ላይ የህንድ ጦር አምሪትሳር ያለውን ወርቃማውን ቤተ መቅደሳቸውን ወረረ። ጥቅምት 31 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲን ሁለት ሲክ ጠባቂዎቻቸው ገደሏቸው። ከዚያ ዴልሂ ውስጥ ጥምጣም ያደረገ ሁሉ ታደነ። መንግሥት ራሱ ያመነው ቁጥር ለዴልሂ ብቻ 2,733 ሙት ነው። የጓደኛዬ አጎት ያኔ እዚያ ነበሩ። ሂንዱ ጎረቤታቸው ጓዳ ደብቃቸው በልብስ መቀስ ፀጉራቸውን ቆርጣ አተረፈቻቸው። በኋላ መልሰው አሳድገውታል። ስለዚያ ሳምንት ሲነሳ ግን ዛሬም ተነስተው ይወጣሉ።

ይህን ታሪክ ይዛችሁ ታናሽ ወንድሙን ብታዩት ግራ ይገባችኋል። ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል። እንዲህ ያለውን ሞና ይሉታል። እናታቸው የተላጨ ቀን አልቅሳለች። እሱ ግን እሁድ እሁድ ከሁሉም ቀድሞ ጉርድዋራ ሄዶ ሰሃን የሚያጥብ ልጅ ነው። ሁለቱ በዚህ ጉዳይ ሲጋጩ እኔ ስልኬን አያለሁ። ለብቻችን ስንሆን ግን ለታናሽየው አደላለሁ።

ጉርድዋራው ስቶክተን ነው፤ በ1912 የተመሠረተ፣ አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው። እነዚህ ሰዎች እዚህ አዲስ አይደሉም። ባጋት ሲንግ ቲንድ የሚባል ሲክ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥምጣሙን እንዳደረገ የአሜሪካ ወታደር ነበር። በ1923 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነጭ ስላልሆንክ ዜግነት አይገባህም አለው። የአሜሪካ ጦር ጥምጣምና ጺምን በመመሪያ ደረጃ የፈቀደው በ2017 ነው። የኛ ወረቀት ዘገየ ብለን ስናማርር ትዝ ይለኛል።

ስትገቡ ጫማ ይወልቃል፣ ራስ ይሸፈናል። ሻሽ ካልያዛችሁ በሩ ጋ በቅርጫት ተቀምጧል። ሲጋራ ትራክ ውስጥ ይቅር። አዳራሹ ውስጥ ከፍ ብሎ፣ ከላዩ ጥላ ተዘርግቶለት፣ ጉሩ ግራንት ሳሂብ የሚሉት መጽሐፍ አለ። ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ በ1708 ከማረፋቸው በፊት ከእንግዲህ ጉሩአችሁ እሱ ነው ስላሉ፣ እንደ ሕያው ሰው ነው የሚከበረው። 1,430 ገጽ ነው፤ የሂንዱና የሙስሊም ቅዱሳን መዝሙሮችም አሉበት። ማታ በልብስ ጠቅልለው፣ አንዱ በራሱ ተሸክሞ፣ ሕዝቡ ቆሞ እየዘመረ ወደ ማረፊያው ያስገቡታል። እናቴ ብታይ እልልታዋን ታቀልጠው ነበር።

ቀጥሎ ላንጋር ነው፤ ምግቡ። ለመጣ ሁሉ በነጻ ይቀርባል፤ ማን ነህ የሚል የለም። ሁሉም መሬት ላይ በሰልፍ ይቀመጣል። የሙጋሉ ንጉሥ አክባር እንኳን ሦስተኛውን ጉሩ ሊያይ ሲመጣ መጀመሪያ እዚያ ሰልፍ ላይ ተቀምጦ በላ ይላሉ። ክፍልፋይ ያለው የብረት ሰሃን ይሰጣችኋል። ልጆች ባልዲ ይዘው እያለፉ ዳል፣ የምስር ወጣቸውን፣ ይጨልፋሉ። ሮቲ (ቂጣቸው) ሲመጣ ሁለት እጃችሁን ዘርግታችሁ ተቀበሉ፤ እንደ ጸበል ጸዲቅ መሆኑ ነው። የምትጨርሱትን ያህል ብቻ ውሰዱ፤ ማስተረፍ ነውር ነው።

ሥጋና እንቁላል የለም። ጾም ላይ ከሆናችሁ ግን አትቸኩሉ። ዳሉ በቅቤ ሊቁላላ ይችላል፣ ኪር የሚሉት የሩዝ ገንፎ ወተት ነው፣ ሮቲውም ቅቤ ይቀባል። «ያልተቀባ» ብትሏቸው ከምጣዱ ላይ አንስተው ትኩሱን ያመጡላችኋል።